የማንም ያልሆነ እቃ

እትዬ የጓሮውን ክፍል በር በእግሯ ገፋ አድርጋ ስትከፍተው፣ ከውስጥ ተደግፎ የቆመው አሮጌ ፍራሽ ዘመም አለና ደጃፉ ላይ ዘጭ አለ። አቧራው ቦነነ። ተከትለዋት የመጡት ዘመዶች ግማሾቹ አፍንጫቸውን ያዙ፣ ግማሾቹ ሳቃቸውን።

«ኑ እዩልኝ!» አለች ስልኳን አውጥታ ፎቶ እያነሳች። «የወንድሜ ሚስት የእናቴን ክፍል ምን እንዳደረገችው ኑና እዩልኝ! ወይዘሮ ቡትቶ ስላት ትቆጣለች። እስቲ ይሄ ሌላ ምን ይባላል?»

ወይዘሮ ቡትቶ የተባለችው ልብስ ሰፊዋ ከሰዎቹ ጀርባ የምሳውን ሳህን እንደያዘች ቆማ ነበር። ልብስ ትጠግናለች፣ ታሳጥራለች፣ ዚፕ ትቀይራለች፤ ከሚተርፋት ቁርጥራጭ ደግሞ የትራስ ልብስ፣ የተማሪ ቦርሳና የጨርቅ አሻንጉሊት ትሠራለች። ሥራዋ ሁሉ ያለው በዚያ ክፍል ውስጥ ነው። ቤቱን ባሏና እትዬ፣ ማለትም የባሏ ታላቅ እህት፣ ከወላጆቻቸው በጋራ ወርሰውታል። ሰፊዋና ባሏ ይኖሩበታል፤ እትዬ ግን ከከተማው ሌላ ጫፍ ፎቅ ላይ ተከራይታ ነው የምትኖረው። የጓሮው ክፍል ባዶ ሆኖ እንዲከራይ ከፈለገች ቆይታለች። ያን እሁድ ዘመድ ሁሉ ለምሳ ሲሰበሰብ ቀኗ መጣ።

«ፍሬን! ፍሬን ያዙ!» አሉ የባሏ አጎት። ዕድሜ ልካቸውን የጭነት መኪና ሲነዱ ኖረው ጡረታ የወጡ ሽማግሌ ናቸው፤ ሰው ድምፁን ከፍ ባደረገ ቁጥር ይህንኑ ስለሚሉ ቤተሰቡ በሙሉ ጋሼ ፍሬን ይላቸዋል። የቤተሰቡ ጭቅጭቅ መጨረሻው እሳቸው ዘንድ ነው። አንገታቸውን ወደ ክፍሉ አስግገው ግራ ቀኙን አዩና «ይሄ ሁሉ ኮተት የማነው?» አሉ።

«የማን ይሆናል ጋሼ? የሷ ነዋ!» አለች እትዬ።

ሰፊዋ ባሏን አየችው። ባሏ ማተሚያ ቤት ነው የሚሠራው። ቀኑን ሙሉ የማሽን ጩኸት ሲያደነቁረው ስለሚውል ነው መሰል ከሥራ ውጭ ጩኸት አይወድም፤ ከእህቱ ጩኸት ጋር ደግሞ ጭራሽ አይጋፈጥም። አሁንም ጫማውን ያያል።

«ጋሼ፣» አለች ሰፊዋ፣ «ይሄ ፍራሽ እኮ የ...»

«እሰይ! አሁን ደግሞ በኔ ልታላክኪ ነው?» ብላ እትዬ አቋረጠቻት። ዘመዶቹ ያፈኑት ሳቅ አመለጣቸው።

ጋሼ ፍሬን አልሳቁም። «አንቺ እዚህ ውስጥ እቃ አለሽ?» ብለው እትዬን ጠየቋት።

«እኔ? አንዲት መርፌ የለኝም።»

«አስበሽ ተናገሪ።»

«በእናቴ ነፍስ! የለኝም አልኩ እኮ። ሁሉም የሷ ነው፤ ሁሉንም ታጽዳልኝ።»

በእናት ነፍስ ከተማለ በኋላ ጋሼ ፍሬን ምን ይበሉ? ወደ ሰፊዋ ዞረው፣ እስከ ወሩ መጨረሻ ክፍሉ ሰው የሚሠራበት ቦታ እንዲመስል፣ ካልሆነ ግን ባዶ ተደርጎ እንዲከራይ ፈረዱ። ሰፊዋ እሺ አለች። ሳህኑን ይዛ ወደ ማድቤት ስትገባ ጉንጯ ይፋጃል፤ ከኋላዋ አንዱ «ወይዘሮ ቡትቶ፣ ውሃ ጨምሪልን!» ሲል፣ ሌላው ሲስቅ ሰማች። ውሃውንም ጨመረችላቸው።

የክፍሉን ነገር ከእሷና ከባሏ በቀር በደንብ የሚያውቅ አልነበረም። እትዬ ከባሏ ስትፋታ የሙሽራ ቀሚሷን ከነመያዣ ከረጢቱ አምጥታ፣ «ቤቴ ውስጥ ላየው አልፈልግም፤ ለሁለት ቀን ብቻ አስቀምጪልኝ» አለች። አንድ ልጇ «ከአባቴ ጋር ነው የምኖረው» ብሎ የሄደ ጊዜ፣ ሕፃን ሳለ የተኛበትን አልጋ በጋሪ አስጭና ላከች፤ ለሁለት ቀን ብቻ። ወደ ጠባብ ቤት ስትዛወር ደግሞ ከወለል እስከ ጣሪያ የሚደርሱ ወይን ጠጅ የቬልቬት መጋረጃዎች፣ ጎማ ያላቸው ሦስት ትልልቅ ሻንጣዎች፣ ፍራሹ፣ እንዲሁም ገዝታው ሳትወጣበት የቀረች፣ ሲጋልቡት ከቦታው የማይነቃነቅ የስፖርት ብስክሌት መጡ። ሰፊዋ እምቢ እንዳትል እትዬ ታላቅ ናት፣ የቤቱም ግማሽ የእሷ ነው። እየተገፋች እየተገፋች፣ በመጨረሻ የስፌት መኪናዋ በር ሥር፣ እሷ ራሷ ደግሞ ጀርባዋን ብስክሌቱ እየወጋት መስፋት ጀመረች። ቁልፎቿ ከዚፕ ጋር፣ ዚፖቿ ከክር ጋር ተዘባርቀው ነበር። ደንበኛ መጥቶ ሰማያዊ ክር ስትፈልግለት ሰውየው ልብሱን እንደያዘ ቆሞ ይጠብቃል።

እንግዶቹ ሲሄዱ ባሏ ማድቤት መጥቶ ቆመ። «ነገ እነግራታለሁ» አለ።

«ምን ብለህ?»

«እቃሽን አንሺ ብዬ ነዋ።»

«ዛሬ ጫማህ ምን ነገረህ?» አለችው ሳህኑን እየፈተገች። «ተወው። የሚነገር የለም።»

በማግስቱ እሱ ሥራ እንደሄደ ፍራሹን፣ ሻንጣዎቹንና የሕፃኑን አልጋ እየጎተተች ጓሮ አወጣች። ሐሳቧ ቀላል ነበር፤ ጋሪ ጠርታ ሁሉንም ጭና፣ እትዬ ፎቅ በር ላይ ከምራ መመለስ። ጎረቤቷ አትክልት ሻጭ ናት፤ ድንች እየለየች በአጥሩ በኩል ታያት ነበር።

«ልትሰደጂ ነው እንዴ?» አለቻት።

«እቃዋን ልወስድላት ነው። ለጋሪ የሚሆን ሳንቲም ካለሽ አበድሪኝ።»

«የኔ እህት፣ እኔ ጋር ያለው ድንች ነው። ድንች የሚቀበል ጋሪ ነጂ ካገኘሽ ንገሪኝ።»

ሰፊዋ ሻንጣው ላይ ቁጭ አለች። ቦርሳዋ ውስጥ ያለውን ታውቃለች፤ ለመኪናዋ ዘይትና ለሁለት ጥቅል ክር ይበቃል፣ ከዚያ በላይ ወሬ ነው። ክፍሉን ለማስተካከል መደርደሪያ ያስፈልጋል፣ መሳቢያ ያስፈልጋል፣ ክር መስቀያ ያስፈልጋል። ከየት ይመጣል? የተቀመጠችበትን ሻንጣ በእጇ መታ መታ አደረገችው። ጠንካራ ነው። ጎማዎቹ አልነኩም። ከመቁረጫ ጠረጴዛው ሥር ቢገባ፣ ቢጎተት፣ ቢገፋ...

«ምን አለች ትናንት?» አለች ጎረቤቷ። ጩኸቱን በአጥር ሰምታው ነበር። «በእናቴ ነፍስ የለኝም አይደል ያለችው?»

«ሁሉም የሷ ነው አለች» አለች ሰፊዋ ቀስ ብላ። ከዚያ ከተቀመጠችበት ተነሳች። «ሁሉም የኔ ነው!»

ጎረቤቷ ድንቹን ጣለችና ሳቀች። «ጉድሽ ፈላ እትዬ! ካቻቢቴ ይዤ ልምጣ?»

ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ሰፊዋ የምትሠራው ክፍሉን ለማጽዳት ብቻ አልነበረም። እያንዳንዷን የእትዬን እቃ አንስታ፣ እትዬ ገብታ ስታያት የት ቦታ ትቁም፣ በምን መልክ ትቁም እያለች ታስብ ነበር። በሕይወቷ እንደዚያ ተጠንቅቃ ለማንም ሰፍታ አታውቅም።

መጀመሪያ እጇ ላይ የገባው የሕፃኑ አልጋ ነው፤ ለበሩ ቅርብ ስለነበረ። ብዙም አላሰበችበትም። ቪቱን ፈታች፤ የላይኛውን አግዳሚ እንጨት በዚያው ቪት ግድግዳ ላይ አጋድማ አሰረችው፤ የአልጋውን ዘንጎች በመጋዝ አሳጥራ አግዳሚው ላይ እንደ ጥርስ ደረደረቻቸው። እያንዳንዱ ዘንግ ላይ አንድ የክር ጥቅል ተሰካ፤ ከነጭ ወደ ቢጫ፣ ከቢጫ ወደ ቀይ፣ እስከ ጥቁር። እንጨቱን በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጋ ልታለሰልሰው ጀምራ ነበር፣ ግን ያላት ቁራጭ መሐል ላይ አለቀባት። ሌላ አልገዛችም። በአንደኛው ጫፍ ቀለሙ ተላልጦ የተበላሸ ቦታ ቀረ፤ ክር ሲሰካበት አይታይም ብላ ተወችው።

ጎረቤቷ የተሰባበሩ የቲማቲም ሣጥኖች አመጣችላት። እነሱን አጥባ፣ ፀሐይ ላይ አድርቃ፣ አንዱን ባንዱ ላይ ደራርባ መደርደሪያ አደረገቻቸው። ጨርቆቿን በቀለም ለይታ፣ ባሏ ከማተሚያ ቤት ባመጣው ትራፊ ካርቶን ላይ እየጠቀለለች እንደ መጽሐፍ አቆመቻቸው። ባሏ ካርቶኑን የሚያመጣው ሳትጠይቀው ነው፤ በየቀኑ በብብቱ ይዞ ይመጣና በሩ ላይ ያስቀምጣል። ታየዋለች፣ አታመሰግነውም። ቁልፎቹን በባዶ የማርማላታ ጠርሙስ ከፋፍላ፣ ክዳኖቹን ከመደርደሪያው ሥር በሚስማር መታችና ጠርሙሶቹን ከታች ወደ ላይ እያዞረች ሰቀለቻቸው። የብስክሌቱን ከባድ ጎማ አውልቃ በገመድ ከጣሪያው አንጠለጠለችው፤ ጥብጣቦቹን ሁሉ ዙሪያውን አሰረችበት፣ አዙራ የምትፈልገውን ትስባለች። የተረፈው የብስክሌቱ አካል ከነመቀመጫው የስፌት ወንበር ሆነ። ፍራሹን ቀዳ ስፖንጁን አወጣችና የአሻንጉሊት ሆድ ሞላችበት።

መጋረጃዎቹ ላይ ስትደርስ ቆም አለች። ቬልቬቱ እጅ ላይ እንደ ውሃ ይፈሳል። እትዬ የደህና ዘመኗን መጋረጃ ስታወራ ሁሌም አፏ ይሞላል፤ «የኔ ሳሎን ሲዘጋ ሲኒማ ቤት ነበር የሚመስለው» ትላለች። ሰፊዋ መቀሷን አነሳች። ግድግዳውን ሙሉ የሚሸፍን፣ ኪስ በኪስ የሆነ መስቀያ ወጣው፤ የሜትር ኪስ፣ የመቀስ ኪስ፣ የላስቲክ ኪስ፣ የዚፕ ኪስ። የተረፈው ደግሞ የመሬት መርገጫ ሆነ። ከበሩ መግቢያ ላይ አነጠፈችው፤ ማንም ጫማውን ሳይጠርግበት እንዳይገባ።

የሙሽራ ቀሚሱን ለመጨረሻ ያቆየችው ሆን ብላ ነው። ከረጢቱን ስትከፍት ጎረቤቷ አብራት ነበረች። ነጭ ሳቲን ነው፤ ደረቱ ላይ በእጅ የተሰፋ ዶቃ አለው። ጎረቤቷ ፊቷ ተለወጠ።

«እቱ፣ ይሄን እንኳ ተዪላት።»

«ለምን?»

«ለምን ትያለሽ እንዴ? የሰርግ ልብስ እኮ ነው።»

«በእናቷ ነፍስ የሷ አይደለም» አለች ሰፊዋ።

«እሷ ዋሸች። አንቺ ግን የማን እንደሆነ ታውቂያለሽ።»

«አውቃለሁ። ስለማውቅ ነው።»

ጎረቤቷ ካቻቢቴዋን አንስታ ወጣች፤ ያን ቀን አልተመለሰችም። ሰፊዋ ቀሚሱን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው። መቀሱ ሳቲኑን ሲበላው በደስታ ጥርሷን ነከሰች፤ የምሳ ሳህን ይዛ ከሰው ጀርባ የቆመችበትን እሁድ፣ ውሃ ጨምሪልን የተባለችውን፣ ጀርባዋን የወጋትን ብስክሌት፣ ሁሉንም አብራ የምትቆርጠው መሰላት። ከደረቱ መርፌ መሰኪያ ትራሶች ሠራች፣ ዶቃው ከነቦታው። ከቀሚሱ ታች የስፌት መኪናዋን ልብስ ሰፋች። የመኪናው ልብስ ቦታው በበሩ ትክክል ነው፤ የገባ ሰው መጀመሪያ የሚያየው እሱን ነው። እትዬ ገብታ ሰርጓን አሮጌ የስፌት መኪና ለብሶት ስታየው ምን ትሆናለች? ሰፊዋ ይህን እያሰበች ብቻዋን ትስቅ ነበር።

የወሩ መጨረሻ እሁድ ያው ዘመዶች ሁሉ መጡ፤ ወይዘሮ ቡትቶ ከክፍሏ ስትባረር ማየት ያማራቸውም አልጠፉ። እትዬ ከሁሉም ቀድማ መጣች፤ ስልኳ በእጇ ነው። ሰፊዋ የክት ቀሚሷን ለብሳ፣ ፀጉሯን ተሠርታ በሩ ላይ ቆመች።

«ይግቡ ጋሼ። እትዬ፣ ይግቡ። ጫማዎን መርገጫው ላይ ጠረግ ያድርጉ።»

እትዬ ሳታይ ጠረገች።

ጋሼ ፍሬን ሁለት እርምጃ ገብተው ቆሙ። ከወለል እስከ ጣሪያ አዩ። የተንጠለጠለውን ጎማ በጣታቸው ገፋ ቢያደርጉት ጥብጣቦቹ በቀስታ ዞሩ። «እህ!» አሉ። «እህህ! ይሄ ክፍል መስኮት ነበረው እንዴ?» ዘመዶቹም እየተጋፉ ገቡ፤ አንዷ ጠርሙስ አዙራ አወረደች፣ ሌላው ሻንጣ ከጠረጴዛው ሥር ስቦ መልሶ ገፋ፣ ደግሞ ሳበ። ውሃ ጨምሪልን ያለው ሰውዬ ወንበሩ ላይ ተፈናጦ ፔዳል ፈለገ። «እኔ ጋርም መጥተሽ ብታስተካክይልኝ» የምትልም ተገኘች።

«ብዙ አውጥተሻል ማለት ነው» አሉ ጋሼ ፍሬን።

«ምንም አላወጣሁ ጋሼ። ከሚስማር በቀር የገዛሁት የለም። ሁሉም ማንም የኔ ነው ያላለው እቃ ነው» አለችና ዓይኗን እትዬ ላይ ተከለች።

እትዬ ገብቷታል። ፊቷ ላይ ያለው ቀለም ወጥቶ ሲሄድ ሰፊዋ አየችው። ሻንጣዎቹን አየች፣ ወንበር የሆነውን ብስክሌት አየች። ግድግዳውን የሸፈነውን ቬልቬት አየች፤ ከዚያ ቀስ ብላ ወደ እግሯ ተመለከተችና የረገጠችውን አወቀች። አንዲት ቃል ብትወጣት «እንግዲያው ኮተቱ ያንቺ ነበር» ሊባል ነው፤ በእናቷ ነፍስ የማለችው መሐላም መሬት ሊወድቅ ነው። ምላሷን ዋጠች። የሰፊዋ ልብ ቅቤ ጠጣ።

«የመኪናዋን ልብስስ አዩልኝ እትዬ?» አለች እንደ ማር በጣፈጠ ድምፅ። ለዚህች ሰዓት ነበር ወሩን ሙሉ የኖረችው።

እትዬ ጠጋ ብላ ነጩን ሳቲን በሁለት ጣቷ ዳሰሰች። ዶቃ ያለበትን የመርፌ ትራስ አንስታ አገላበጠችው። «ጥሩ ሳቲን ነው» አለች እትዬ፤ መልሳ አስቀመጠችው። አላወቀችው ይሆን? ያወቀችው ነው የሚመስለው። ግን ሰው የማያውቀውን ሰው መንገድ ላይ እንደሚያልፍ አልፋው ሄደች። ሰፊዋ በዚያ መቀስ የቆረጠችው ባዶ ጨርቅ ሆነባት።

ይህን ጊዜ ነው እትዬ ከክር መስቀያው ፊት ደርሳ ቀጥ ያለችው።

ክሮቹን አይደለም የምታየው። እጇን ዘርግታ በጥግ ያለውን ነጭ ጥቅል ከዘንጉ አወጣችና ከኋላው ያለውን እንጨት፣ ያ ብርጭቆ ወረቀት ያልደረሰበትን የተላላጠ ቦታ በአውራ ጣቷ ዳሰሰች። አንድ ጊዜ። እንደገና። ሰፊዋ ያኔ ነው ልብ ብላ ያየችው፤ ቀለሙ እንዲሁ አልተላጠም፤ ተነክሶ ነው። በጥንድ በጥንድ የተደረደሩ የጥቃቅን ጥርስ ምልክቶች ናቸው። ጥርስ የሚያወጣ ሕፃን አልጋው ውስጥ ቆሞ፣ አግዳሚውን ይዞ፣ እናቱ እስክትመጣ ድረስ የነከሰው።

«ምነው ልጄ?» አሉ ጋሼ ፍሬን።

እትዬ አልሰማቻቸውም። አውራ ጣቷ እዚያው ነው።

እዚህ ላይ ሰፊዋ ዝም ማለት ትችል ነበር። አላለችም። ቀሚሱ ያልሠራላትን ይህ እንጨት እንደሚሠራላት ገብቷት ነበር፤ ክፉኛ ፈለገችው። «እትዬ፣» አለች፣ «ያውቁታል እንዴ እንጨቱን?»

ባሏ ከበሩ በኩል ስሟን ቀስ ብሎ ጠራ፤ እንደማስጠንቀቅ።

«አላውቀውም» አለች እትዬ። ጥቅሉን በዘንጉ ልትመልስ ሞከረች፣ አልገባላትም፤ መርገጫው ላይ ወደቀ። ቦርሳዋን አንስታ፣ ሰው እየገፋች ወጣች።

ጋሼ ፍሬን ክፍሉ የሰፊዋ ነው ብለው ፈረዱ፤ ሲቀጥሉም የኪራይን ነገር ማንም እንዳያነሳባት አሉ። ዘመዶቹ እያመሰገኗት ሄዱ። ወይዘሮ ቡትቶ ያላት አንድም ሰው አልነበረም። ባሏ ምሳውን በልቶ ሲጨርስ፣ «እንጨቱን ብትመልሽላትስ» አለ።

«የት አባቷ!»

«ልጁ ከሄደ ስልክ ደውሎላት አያውቅም። ታውቂያለሽ።»

«አንተስ እኔ ጉድ ስሆን አፍ አልነበረህም። ለሷ ሲሆን ከየት መጣልህ?»

ባሏ ተነስቶ ሳህኑን አጠበ። ከተጋቡ ጀምሮ ሳህን ሲያጥብ የመጀመሪያው ነበር።

እትዬ በሳምንቱ አካባቢ ብቻዋን መጣች። ቀን ነው፤ የሰፊዋ ባል ሥራ ላይ ነው። አልተኳኳለችም፤ በሩን አንኳኩታ እስኪከፈትላት ጠበቀች፤ ይህም አዲስ ነገር ነው፣ በገዛ ቤቴ ማንኳኳት ምን ያደርግልኛል ባይ ነበረች።

«ሌላውን ሁሉ ውሰጂው» አለች ደጃፉ ላይ ቆማ። «መጋረጃውንም፣ ሁሉንም። ያቺን እንጨት ብቻ ስጪኝ።»

«የቷን እንጨት?»

«ታውቂያታለሽ።»

ሰፊዋ እጇን አጣምራ በሩን ተደገፈች። ይህቺን ሴት እትዬና እርስዎ ስትል ኖራለች። አሁን ግን ቃሉ አልመጣልሽ አላት። «አንቺ፣» አለቻት፣ «እዚህ ክፍል ውስጥ አንዲት መርፌ የለኝም ያልሽው ማን ፊት ነው?»

እትዬ አንቺ መባሏ እንደ ጥፊ ነው ያረፈባት። አላነሳችውም ግን። «ጋሼ ፊት።»

«ጋሼ ብቻ?»

«ዘመድ ሁሉ ባለበት።»

«እንግዲያው ዘመድ ሁሉ ባለበት የኔ ነበር ብለሽ ጠይቂኝ። ያን ቀን በካቻቢቴ ፈትቼ እሰጥሻለሁ።»

«በእናቴ ነፍስ ምዬ?»

«ማይልኝ ብዬ የለመንኩሽ እኔ ነኝ?»

እትዬ የምትለምን መሰለች፣ ደግሞ የምትሳደብ መሰለች፤ ሁለቱንም ሳታደርግ ሄደች። ሰፊዋ ወንበሯ ላይ ተመልሳ የስፌት መኪናዋን ፔዳል መታች። አንድ ሱሪ አሳጠረች፤ ስትጨርስ አንዱ እግር ካንዱ አጥሮ ተገኘ። በሕይወቷ እንዲህ ያለ ስህተት ሠርታ አታውቅም። ተርትራ እንደገና ሰፋችው። ዓይኗ ወደ ክር መስቀያው በሄደ ቁጥር ወደ ሥራዋ ትመልሰዋለች፣ ይሄዳል፣ ትመልሰዋለች። ደግሞ ያ እሁድ ትዝ ይላታል፤ አቧራው፣ ፎቶው፣ ሳቁ። አትመጣም፣ ትል ነበር ለራሷ። ከመዋረድ እንጨቱ ቢቀርባት ይሻላታል። ይኸው ነው እትዬ ማለት።

መጣች። ዘመዶች ጋሼ ፍሬንን ሊጠይቁ እሳቸው ቤት በተሰበሰቡበት እሁድ፣ ሁሉም ተቀምጦ ሳለ ተነስታ ቆመች። ሰፊዋ ከባሏ አጠገብ ነበረች።

«ዋሽቼ ነበር» አለች እትዬ። ድምፅዋ ወፍራም ነው፤ ያን ሁሉ ዘመን ሰው ያሳቀችበት ድምፅ ያው ነው፤ አሁን ግን የሚስቅ ጠፋ። «ክፍሉን የሞላው እቃ የኔ ነበር። ፍራሹም፣ ሻንጣውም፣ ሁሉም። ለሁለት ቀን እያልኩ እኔ ነኝ ያመጣሁት። በእናቴም ነፍስ በውሸት ምያለሁ።» ከዚያ ወደ ሰፊዋ ዞረች። «የልጄን አልጋ እንጨት ስጪኝ።»

ጋሼ ፍሬን አፋቸውን ከፈቱ፤ ፍሬን ያዙ ሊሉ ነው የመሰለው፤ አላሉም። አንገታቸውን ሰበሩ። ያን ጊዜ ክፍሉን አይተው የሳቁት አንዳቸው የሌላቸውን ፊት ማየት ፈሩ።

ሰፊዋ ደስ አላት። ሰው አልደሰትም ሊል ይችላል፤ እሷ ግን እስከ አጥንቷ ድረስ ደስ አላት። ወይዘሮ ቡትቶ ያሉዋት ሁሉ ባሉበት፣ በፀሐይ፣ ያለ ምንም መሸፋፈኛ ሰማችው። የምትፈልገው ይኸው ነበር፤ አገኘችው።

ከዚያ እትዬን አስከትላ፣ ባሏ ከኋላቸው፣ ወደ ቤቷ ሄደች። ካቻቢቴውን ለመዋስ ጎረቤቷን ጠራች። አትክልት ሻጯ በአጥሩ አቀብላት፣ ከጀርባዋ የቆመችውን እትዬን አየችና ያለ አንዳች ቀልድ ወደ ድንቿ ተመለሰች። ሰፊዋ ክሮቹን አንድ በአንድ ከዘንጎቹ አወለቀች፣ ዘንጎቹንም ከእንጨቱ ነቀለች። የመጀመሪያውን ቪት ፈታች፣ ሁለተኛውን ፈታች። ሦስተኛው ዝጎ ነበር መሰል እምቢ አላት፤ ካቻቢቴው እያንሸራተታት ጣቷን ቆረጣት። ደሟን ቀሚሷ ላይ ጠርጋ እንደገና ያዘችው። እትዬ ከታች እንጨቱን በሁለት እጇ ደግፋ ቆማለች፤ እንዳይወድቅ። እንዲህ ተጠጋግተው ቆመው አያውቁም፤ ሰፊዋ የእትዬን ትንፋሽ ትሰማ ነበር። ቪቱ ሲወጣ እንጨቱ በእትዬ እጅ ላይ ቀረ።

እትዬ አላለቀሰችም፤ አመሰግናለሁም አላለች። የተጋዙትን ዘንጎች አልጠየቀችም። አግዳሚውን በነጠላዋ ጠቅልላ ብብቷ ውስጥ አስገባችው፤ ረጅም ስለሆነ ጫፉ ከኋላዋ ወጥቶ ይታያል። በሩ ላይ ስትደርስ ቆመችና ወደ መሬት አየች።

«ይሄን መጋረጃ እንኳ ባትረግጪው» አለች።

«ብረግጠውስ? የኔ ነው» አለች ሰፊዋ።

እትዬ ቀና ብላ አየቻት። ዓይኗ ውስጥ ያ የድሮው እሳት ለአፍታ ብልጭ አለ፤ ሰፊዋም ዓይኗን አልሰበረችም። ከዚያ እትዬ ዞር አለችና ጫማዋን እዚያው ቬልቬት ላይ፣ ግራውንም ቀኙንም፣ ቀስ ብላ ደህና አድርጋ ጠረገች። ወጥታ ሄደች።

ባሏ መንገድ ድረስ ሸኝቷት ሲመለስ ሰፊዋ ጠረጴዛው ላይ የተቆለሉትን ክሮች ትለይ ነበር። ጣቷን በጨርቅ ጠቅልላዋለች። መዶሻውን አንስቶ ግድግዳው ላይ ከቀሩት ቀዳዳዎች ጎን፣ ባዶውን ቦታ በእጁ ስንዝር እየለካ፣ «እዚህ ምን ልምታልሽ?» አላት።